የራሳቸውን መባረር ታይፕ ያደረጉት ሰው

ጋሽ ተስፋይ ከማኅበራችን እንዲወጡ የሚጠይቀውን ማመልከቻ ታይፕ ያደረጉት ራሳቸው ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም፤ በዚያን ጊዜ ለንደን የነበረ ሰው ግን ወዲያው ያምነኛል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያላቸው፣ ያውም ዐይናቸውን ጨፍነው የሚመቱት፣ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሠርግ ጥሪም ሆነ የተዝካር ማስታወቂያ ወይም ለጠበቃ የሚሰጥ የስደተኛ ታሪክ፣ ሁሉም የሚወለደው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በእሳቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ከኤርትራ ጋር የድንበሩ ጦርነት በተነሣበት ክረምት አሥራ ሁለት አባላት ተፈራርመው «ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በጠላት አገር የተወለዱ አባላት ይታገዱልን» ብለው በእጅ ጻፉ። ጽሑፉ በታይፕ ቢሆን ያምራል ተባለና ወደ እሳቸው ተወሰደ። በጠላት አገር የተወለዱት አባላት አራት ነበሩ። ሦስቱ ነገሩ ገብቷቸው ቀድመው መምጣት ትተዋል። አራተኛው አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉት ጋሽ ተስፋይ ናቸው።

«ምን ተሰማዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ስንት ኮፒ እንደሚፈልጉ መጠየቅ ረሳሁ» አሉኝ። «አንድ ካርቦን ብቻ ነው ያስገባሁት።»

እኔ ያኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ካምደን ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰው አንብቦ የመለሰውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው የምመልስ ሠራተኛ ነበርኩ። ከመመለሴ በፊት ስለማነበው ሥራው ቀስ ይላል፤ እኔ ግን ስለሁሉም ነገር አስተያየት ያለኝ ሰው ሆንኩ። አስተያየቴን በማኅበሩ መጽሔት ላይ እጽፍ ነበር። መንግሥትን የሚደግፉት ተቃዋሚ ነው ይሉኛል፤ የሚቃወሙት ደጋፊ ነው ይሉኛል። ሁሉም ወገን እኩል ስለሚጠላኝ «ገለልተኛ ነው» ተብዬ የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደረግሁ።

የሚመረጠው ፕሬዚዳንት ነው። ቀድሞ ሊቀመንበር ይባል ነበር፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ቃሉን ሲሰሙ ትከሻቸው ስለሚሸማቀቅ በስብሰባ ተወስኖ ተለወጠ። ሥራው አልተለወጠም። የአዳራሹን ቁልፍ ይይዛል፣ ለአካባቢው ካውንስል ደብዳቤ ይጽፋል፣ የረቡዕን የአረጋውያን ምሳ ያዘጋጃል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ነገር ተጨመረ፤ ያ ማመልከቻ የሚቀርበው ለአዲሱ ፕሬዚዳንት ነው። እሱ እሺ ካለ ጋሽ ተስፋይ ይወጣሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር የሚበሉት የረቡዕን ምሳ ብቻ ነበር።

ዕጩዎቹ ሦስት ናቸው። በማጣሪያው ሁለቱ አልፈው እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባሉ። የቀድሞዎቹ ኮሚቴዎች በዝምድናና በአገር ልጅነት ያጣሩና መዝገቡ ላይ «በብቃት» ብለው ይጽፉ ነበር። እኔ ይህን እንደማልደግም ምዬ ሁለት ጥያቄ አወጣሁ። አንደኛው፦ ስለ ጦርነቱ ያለዎት አቋም ምንድን ነው? ኤርትራ የተወለዱ አባሎቻችንስ ምን ይሁኑ? ሁለተኛው፦ ሰውን አሠቃይቶ ማናገር የሚገባበት ጊዜ አለ ወይ?

ከእኔ ጋር ኮሚቴ የነበሩት ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። በቀይ ሽብር ወንድማቸው ከቤት እንደወጣ የቀረባቸው ሴት ናቸው።

«የአዳራሽ ቁልፍ ለሚይዝ ሰው ነው ይሄ ሁሉ?» አሉኝ።

«በመጀመሪያው የጋሽ ተስፋይ ነገር ይለያል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ሰውየውን ያሳያል። ስለ ሥቃይ ሲጠየቅ 'እንደ ሁኔታው' የሚል ሰው ቁልፍም ሊሰጠው አይገባም።»

ጥያቄውን ተቃውመው ይወጣሉ ብዬ ነበር። ብዕራቸውን አውጥተው ጻፉት። «አንተን ግን» አሉ እየጻፉ፣ «የሚጠይቅህ ሰው ጠፍቷል።»

አንድ ችግር ነበር። እኛ አንዳችን የሌላችንን ደብዳቤ ስንጽፍና ፎርም ስንሞላ የኖርን ሰዎች ስለሆንን የሁላችንም የእጅ ጽሑፍ እንደ ፊታችን ይታወቃል። ያለ አድልዎ ለማንበብ መልሱ ያለ ስም በታይፕ መምጣት አለበት። በዚህ ብልሃቴ በጣም ኮርቼ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ወረቀት ሰብስቤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ወደ ማን እየሄድኩ እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። «ይባረሩ፣ አይባረሩ» የሚለውን መልስ እንዲተይቡልኝ የምወስደው ለሚባረሩት ሰው ነበር።

አልተመለስኩም። ሌላ ታይፒስት የለማ!

ወረቀቶቹን ታጥፈው እንደተሰጡኝ፣ ሳላነብ ነው የያዝኳቸው፤ አንደኛው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘልቋል፤ ጀርባውም ተጽፎበታል። ለዚያች ሁለት ጥያቄ ይህን ያህል የጻፈው ማን ይሆን እያልኩ ደረስኩ።

«ስም አይጻፉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይለዩልን» አልኳቸው።

«እጃቸውንማ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ ይወቁት፤ እኛ እንዳናውቅ ነው።»

ወረቀቶቹን ተቀብለው በጠረጴዛው ላይ አስተካከሉ። «መልካም» አሉ። «ለማገድም እኔ፣ ለመታገድም እኔ።»

ቅዳሜ ጠዋት ታይፑን ከነዋናው አመጣሁ። ዋናዎቹን በፖስታ አሽጌ ከወይዘሮ ጽጌ ጋር በአዳራሹ ጓዳ ውስጥ ማንበብ ጀመርን። እዚህ ላይ ማን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኛም ምሥጢር ነው እያልን በሁለተኛው መስመር ላይ አውቀነዋል።

ሀ ስለ ግድብ ዶክትሬቱን የሠራው፣ ኮሌጅ የሚያስተምረው ዶክተር ይልማ ነው። «ጦርነት የሰው ልጅ ሁሉ ሽንፈት ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ገጹ ያምራል። ወደ መጨረሻው ላይ «ሆኖም ስሜት እስኪበርድ ድረስ፣ ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል፣ የሚመለከታቸው አባላት ለጊዜው ከእንቅስቃሴ ቢቆጠቡ» የሚል አለ። ስለ ሥቃይ ደግሞ «በማንኛውም ሁኔታ፣ በማንም ላይ፣ ፈጽሞ» ይልና አንድ ገጽ ተኩል ያስረዳል። እኔ ራሴ ብጽፈው ከዚህ አላሳምረውም ነበር።

«ለ» ደግሞ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር የፀጉር ቤት ያላት አልማዝ ናት። «ጦርነቱን እኔ አላስነሣሁትም። ጋሼን የት ልውሰዳቸው?» ይላል የመጀመሪያው መልስ። ሁለተኛው፦ «ልጄን የነካ ሰው ከሆነ ለእኔ ስጡኝ፤ በጥፍሬ ነው የማናግረው።»

«ወድቃለች» አልኩ።

«ለምን?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

«በሥቃይ ታምናለች እኮ!»

«በጥፍሯ ነው የምታምነው» አሉ። ግን አልተከራከሩኝም።

ሐ መንገሻ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ዝምተኛ፤ አንድ ቅዳሜ ማንም ሳያዘው የአዳራሹን ግድግዳ ቀብቶት ያገኘነው ሰው። ለመጀመሪያው ጥያቄ «ጋሽ ተስፋይ ከወጡ እኔም እወጣለሁ» ብሏል። ለሁለተኛው አንዲት ቃል ብቻ፦ «የለም።»

ሀ እና ሐ አለፉ። ወይዘሮ ጽጌ ገበያ አለብኝ ብለው ሄዱ። እኔ ግን ከወንበሬ መነሣት አልቻልኩም። ሀ ሁለት ገጽ ከግማሽ ነው፤ ግን ከአንድ በላይ ወረቀት የነበረው ዋና በጥቁር እስክሪብቶ ነበር። አልማዝ ያው አልማዝ ናት፤ ከሁለት መስመር በላይ አትጽፍም። ታዲያ ያ ፊትና ጀርባው በሰማያዊ የተሞላው ወረቀት የማን ነው?

ፖስታውን መክፈት ደንብ መጣስ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማሸጊያውን የላስኩትም እኔ። ከፈትኩት።

ሰማያዊው የመንገሻ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ሥር እንዲህ ይላል፦

«ጥያቄው የሚገባበት ጊዜ አለ ወይ ይላል። ያኔ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው። የቀበሌ ጥበቃ ነበርኩ። እኔ እግር ነው የምይዘው። የሚመታው ሌላ ሰው ነው፤ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ እኔ እይዛለሁ። አንድ ቀን ቢሆን አልጽፈውም ነበር፤ አንድ ሙሉ ክረምት ነው። አንዱ ልጅ ጫማህን አውልቅ ሲባል ክሩን ቀስ ብሎ በሥርዓት ፈታው። ከሁሉም የሚመጣብኝ እሱ ነው...»

ጀርባውም እንዲሁ ይቀጥላል። የመጨረሻው መስመር ነው «የለም። የሚገባበት ጊዜ የለም። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው» የሚለው። ጋሽ ተስፋይ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲቷን ቃል አንሥተው ሌላውን ትተውታል።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ሳይሆን የማወቅ ጉጉት ነበር። የራሳቸውን መታገድ አንድ ነጥብ ሳይቀንሱ የጻፉ ሰው፣ የሌላውን ሰው መልስ ለምን ቆረጡት?

ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱ ፊቴን አይተው «ጎደለብህ?» አሉ።

«አንድ ገጽ ተኩል ጎደለብኝ።»

«ግባ።»

የጽሕፈት መኪናው በፎጣ ተሸፍኗል። ውኃ ሰጡኝና ከፊቴ ተቀመጡ።

«እኔ ድሮ የት ነበር የምሠራው?» አሉኝ።

«ፍርድ ቤት፣ ጸሐፊ።»

«እስከ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ወደ ምርመራ አዛወሩኝ። እጄ ፈጣን ነበር። ሰውየውን በሚቀጥለው ክፍል ያናግሩታል፤ መርማሪው ላቡን እየጠረገ ይወጣና ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። 'እኔ እገሌ ያለ ማንም አስገዳጅነት በራሴ ፈቃድ' ብሎ ነው የሚጀምረው። ያቺን መስመር እሱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ አስቀድሜ እመታት ነበር። ጊዜ እንድቆጥብ።»

ዐይኔ በፎጣ ወደተሸፈነው መኪና ሄደ።

«አንድ ቃል ለውጬ አላውቅም፤ በዚያም እኮራ ነበር። 'የተስፋይ ወረቀት ሥርዝ ድልዝ የለበትም' ይሉ ነበር አለቆቹ። ወረቀቱ ለኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው ያነባል። ሰውየው አይመለስም።»

«ይሄኛው ሌላ ነው ጋሼ። መንገሻን ማንም አላስገደደውም። ኮሚቴውም እኔና ወይዘሮ ጽጌ ነን።»

«ኮሚቴ፣ ኮሚቴ ነው።»

«ግን ደግሞ...» አልኩና አቆምኩ።

«ጨርሰው እንጂ። መንገሻ ከወደቀ ዶክተሩ ይመረጣል፤ ዶክተሩ ከተመረጠ እኔ እወጣለሁ። 'ለራስዎ ብለው ነው የቆረጡት' በለኝ።»

«እሺ፤ አልኩዎት።»

መነጽራቸውን አውልቀው በፎጣው ጠርዝ ጠረጉ። «እኔም ከትናንት ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን አላገኘሁትም። አንተ ካገኘኸው ንገረኝ። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በራሱ አፍ ይናገረው። በእኔ ጣት አይወጣም። በቃኝ።»

መንገሻን ያገኘሁት ሰቨን ሲስተርስ አጠገብ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ ካሳለፍኩ በኋላ ነው። ገብቼ ከመቀመጫው ጀርባ ቆምኩ። ከራሱ በላይ «አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሹፌሩን አታነጋግሩ» የሚል ተለጥፏል። በሕይወቴ ያከበርኩት ማስታወቂያ ቢኖር እሱ ነው። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ዝም ብዬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ ዞረ።

«ወደቅኩ?»

«አልፈሃል። በአንድ ቃል።» ታይፑን ሰጠሁት።

አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው። «ሌላውን ማን ቆረጠው? ጋሽ ተስፋይ?»

«አዝነውልህ ነው።»

«ሃያ ዓመት ሲታዘንልኝ ነው የኖርኩት» አለ። «ስለማያውቁ።»

«ለምን ታዲያ አሁን ጻፍከው?»

መሪው ላይ ክንዱን አስደገፈ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ። ሚስት ሳገባ ዘርህ ማነው ተባልኩ። እዚህ አገር ስገባ ምን አደረጉህ ተባልኩ፤ መልሴ ሦስት ገጽ ሞላ። ምን አደረግክ ወደሚለው የተጠጋ ጥያቄ የጠየቀኝ ያንተ ወረቀት ነው። ነገ አነበዋለሁ። ሙሉውን።»

«ካነበብከው ትወድቃለህ። አንተ ከወደቅክ ጋሽ ተስፋይ ይወጣሉ። የሚገባው ይህ ነው?»

ብልጥ ክርክር ያቀረብኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ሦስተኛዋ አትተካም?» አለኝ።

«አልማዝ? የጻፈችውን ብታይ! ሰው በጥፍሬ ልዘልዝል የምትል ሴት ማን ይመርጣታል?»

ሳቀ። መንገሻ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አንተ የጻፈችውን ነው ያየኸው። ረቡዕ ረቡዕ መቀስ ይዛ መጥታ የሽማግሌዎቹን ፀጉር የምትቆርጠው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? የጋሽ ተስፋይን ጆሮ ሥር ያለውን ፀጉር ሳይቀር?»

አላውቅም ነበር። ረቡዕ መጽሐፍ እደረድራለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ተስፋይ ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሲወጡ እንዳያስቸግራቸው መሰለኝ። ዶክተር ይልማ መልሱን አነበበና ተጨበጨበለት። መንገሻ ተነሣ። ታይፑን ሳይሆን ሰማያዊውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ እኔ መልሼለት ነበር።

አነበበው። ድምፁ ፌርማታ እንደሚጠራ ሰው ነበር። ስለ ጫማው ክር ሲደርስ አንድ ሰው ከመሐል ተነሥቶ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ተከተሉት።

ሲጨርስ ከአጠገቤ ወይዘሮ ጽጌ ተነሡ። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«የት ቀበሌ ነበርክ?» አሉት።

ነገራቸው።

«ወንድሜ እዚያ አልነበረም» አሉ። ተቀመጡ። ምንም ነገር እንዳልተፈታ ገባኝ። ፊታቸው ላይ ዕፎይታ አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ በር ተዘግቶ ሌላ መቶ በር የቀራቸው ይመስሉ ነበር።

መንገሻ «ከምርጫው ወጥቻለሁ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። በግራውም በቀኙም ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

በደንቡ መሠረት አልማዝን ጠራሁ። ወረቀት የለኝም አለች፤ እኔ ታይፑን ሰጠኋት። አነበበችው። ስለ ጥፍሯ ሲደርስ ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ወደ ታች አድርጋ መንገሻን አየችው።

«ይሄ ትክክል አይደለም ማለት ነው» አለች። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ልጄን ሲነኩብኝ አስቤ ነው የጻፍኩት። ያ ጫማውን የፈታው ልጅም የሰው ልጅ ነው። ይሰረዝልኝ።»

ዶክተር ይልማ ተነሣና ረጋ ባለ ድምፅ «አቋሙን በሁለት ደቂቃ የሚለውጥ ሰው ማኅበር ሊመራ ይችላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን እኔ ነበርኩ የምጠይቀው።

«ዶክተር» አለችው አልማዝ፣ «እርስዎ ስለ ጋሽ ተስፋይ የጻፉት እሱ ነገር፣ 'ለደኅንነታቸው' የሚለው፣ ማን ሊመታቸው ነው? ይንገሩኝና እኔ ላነጋግረው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዶክተሩ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ በሩ አጠገብ ካፖርታቸውን ለብሰው የተቀመጡትን ሽማግሌ እያየ ነበር። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ያንን አንቀጽ እኔ ቅዳሜ አንብቤ አልፌዋለሁ። ከእሱ በፊት ያለው ያማረ ስለነበር ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ምርጫው በእጅ ማውጣት ነበር። እኔና ወይዘሮ ጽጌ ሁለት ጊዜ ቆጠርን። አልማዝ በሦስት እጅ ብልጫ አሸነፈች።

የአዳራሹን ቁልፍ ተቀብላ በመጀመሪያ የጠየቀችው ማመልከቻውን ነው። ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንዴት ያምራል!» አለች። «ማነው የጻፈው?»

ሰዉ እንደገና ወደ በሩ ዞረ።

«ጋሽ ተስፋይ» አለች ወደ ኋላ፣ «ለነዚህ ሰዎች መልስ ይጻፉልኛል? 'ጥያቄያችሁን አይተን አልተቀበልነውም' ይበሉ።»

ከበሩ አጠገብ «ስንት ኮፒ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አሥራ ሁለት። አንድም ሰው እንዳይቀር።»

ካፖርታቸውን ያወለቁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ «እንግዲህ አቋም ዋጋ የለውም ልትል ነው» ብላችሁ ጠብቃችሁኝ ከሆነ አልልም። ስለ ጦርነትና ስለ ሥቃይ ያልተጠየቀ ሰው ሥልጣን ላይ መውጣት የለበትም፤ ሥልጣኑ የአዳራሽ ቁልፍ እንኳ ቢሆን። ዛሬም እጠይቃለሁ። ግን መልሱን እንደ ፈተና ወረቀት ማረም ትቻለሁ። በዚያ ማጣሪያ አንደኛ ያወጣሁት ሰው አንድን ሽማግሌ በጨዋ ቋንቋ ሊያስወጣ ነበር፤ የጣልኳት ሴት አስቀረቻቸው፤ «የለም» የምትለዋን ቃል በሚገባ የሚያውቃት ደግሞ እግር ይዞ የነበረው ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ይልማም ክፉ ሰው አይደለም። ጋሽ ተስፋይ ኋላ ሲታመሙ በመኪናው ሆስፒታል ያመላልሳቸው የነበረው እሱ ነው። ስለዚህም አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም፤ ቢጽፈው ያበላሸው ነበር።

መንገሻን ለብዙ ጊዜ ሰው አልቀረበውም። አንድ ረቡዕ ወይዘሮ ጽጌ ሳህናቸውን ይዘው ሄደው ከፊቱ ተቀመጡ። ምሳው እስኪያልቅ ያሉት አንድ ነገር ነው። «ጨው አቀብለኝ» አሉት።

እኔስ? በዚያው ሳምንት ከጋሽ ተስፋይ ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ አንድ ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ሁለቱ ጥያቄዎቼ በታይፕ ተጽፈው፣ ራስጌው ላይ «መ» የሚል ብቻ። ለመልሱ የተተወው ቦታ ባዶ ነው። ወይዘሮ ጽጌ የሚጠይቅህ ሰው ጠፍቷል ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ስለ ጦርነቱ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ አማረ። ሁለተኛው ላይ ቆየሁ። አሥር ቀን ቆይቼ ፊትና ጀርባ ሞልቼ ወስጄ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ረቡዕ ታይፕ አድርገው መለሱልኝ። በሁለተኛው ጥያቄ ሥር አንድ ቃል ብቻ ነበረ፦ «የለም።»

«ሌላውስ?» አልኳቸው።

«አፍ አለህ» አሉኝ። «እጅም አለህ።»

እንግዲህ እሳቸው ያስቀሩት ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ የጥናት ክበብ ውስጥ ነበርኩ። አሥራ አንድ ነበርን። አንድ ቀን ማታ ከመካከላችን ያልመጣ አንድ ልጅ «ከሃዲ ነው፤ ስሙ ይተላለፍ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወዴት እንደሚተላለፍና እዚያ እንዴት አድርገው እንደሚያናግሩት ሁላችንም እናውቃለን። ማስረጃው አላሳመነኝም ነበር፤ እንዲያውም ተቃውሞዬን በልቤ በሚገባ አዘጋጅቼ ነበር። ድምፅ ሲጠየቅ ግራና ቀኝ አየሁ።

እጄን አወጣሁ።